ለልጃችን የኦቲዝም አገልግሎት ስንል ከቴክሳስ ወደ ሜሪላንድ ወይም ወደ ቨርጂኒያ እንዛወር?

የበኩሬ እናት (ዳላስ አካባቢ)

ጤና ይስጥልኝ። ስድስት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ አለን፤ ኦቲዝም እንዳለበት በሐኪም የተረጋገጠው ሦስተኛ ዓመቱን ሊይዝ ሲል ነበር። የሚናገራቸው ቃላት ጥቂት ናቸው፤ የሚፈልገውን የሚነግረን በአብዛኛው እጃችንን ይዞ ወደ ዕቃው በመውሰድ ወይም ትምህርት ቤቱ በሰጠው ታብሌት ላይ ያሉትን ሥዕሎች በመንካት ነው። የንግግር ቴራፒ የሚያገኘው በሳምንት ሠላሳ ደቂቃ ሲሆን፣ እርሱም ከሌሎች ልጆች ጋር በቡድን የሚሰጥ ነው። ባለፈው የአርድ ስብሰባ (ቴክሳስ ውስጥ የልጁ የልዩ ትምህርት ዕቅድ የሚወሰንበት ስብሰባ) ላይ እንዲጨመርለት ስንጠይቅ «ለእርሱ ይህ ይበቃዋል» ተባልን፤ ምክንያቱ ግን በጽሑፍ አልተሰጠንም። ዌይቨር በሚባሉት፣ ለአካል ጉዳተኞች የቤት ውስጥ እገዛና እንክብካቤ በሚሰጡት የስቴቱ ፕሮግራሞች የተጠባባቂ ዝርዝሮች ላይ አስመዝግበነዋል፤ ቀድመውን የተመዘገቡ ወላጆች ከዐሥር ዓመት በላይ እንደጠበቁ ሲናገሩ ስሰማ ተስፋዬ ይመነምናል።

ባለቤቴ ረጅም መንገድ የሚሄድ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ እኔ በአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ በነርስ ረዳትነት በማታ ፈረቃ እሠራለሁ። የባለቤቴ እኅት ሲልቨር ስፕሪንግ ትኖራለች፤ «ሜሪላንድ ብትመጡ ሁሉም ነገር ይስተካከላል» እያለች ትወተውተናለች። ቨርጂኒያ ይሻላል የሚሉን አሉ፤ ሚኒሶታን የሚያወድሱም አልጠፉም። እዚህ ቤት የገዛነው ወለዱ ዝቅተኛ በነበረበት ጊዜ ስለሆነ፣ ሸጠነው ብንሄድ እንዲህ ያለ ብድር ዳግመኛ አናገኝም። ስለዚህ ከመወሰናችን በፊት ማወቅ የምፈልገው፣ ስቴት ስንቀይር ለልጁ በእርግጥ የሚለወጥለት ምን እንደሆነ፣ እስካሁን ያገኘነው ነገርም አብሮን የሚሄድ ወይም ሁሉንም ከሀ ሁ የምንጀምር መሆኑን ነው። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ብትመልሱልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መምህሩ (ሰሜን ቨርጂኒያ)

እኅቴ፣ በልዩ ፍላጎት ትምህርት መምህርነት የምሠራ ስለሆንኩ በማውቀው በኩል ልመልስ። ከልጁ ጋር ድንበር የሚሻገረውንና ድንበሩ ላይ የሚቀረውን ለይተው ካላዩ የሰው ምክር ሁሉ ይምታታብዎታል።

የሚሻገረው ትምህርቱ ነው። በ1975 የወጣውና ዛሬ አይዲኢኤ በሚል ስም የሚጠራው የአካል ጉዳተኛ ልጆች ትምህርት የፌዴራል ሕግ በሁሉም ስቴቶች ይሠራል፤ ኦቲዝም በስሙ ተጠቅሶ የገባው በ1990 ማሻሻያ ነው። ልጅዎ በትምህርት ዘመኑ መካከል ከቴክሳስ ወደ ሌላ ስቴት ቢዛወር፣ ተቀባዩ ዲስትሪክት ከእናንተ ጋር እየተመካከረ፣ በቴክሳሱ አይኢፒ (ለልጁ በግሉ በተዘጋጀው የልዩ ትምህርት ዕቅድ) ላይ ከተጻፈው ጋር የሚመጣጠን አገልግሎት የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ይህም የሚቆየው አዲሱ ዲስትሪክት አስፈላጊ መስሎ ከታየው የራሱን ግምገማ አካሂዶ አዲስ አይኢፒ እስኪያወጣ ድረስ ነው። ብዙ ወላጆች የሚዘነጉት ግን መለኪያው ልጁ የሚያስፈልገው ሳይሆን በወረቀቱ ላይ የሰፈረው መሆኑን ነው። በሳምንት ሠላሳ ደቂቃ በቡድን የሚል ወረቀት ይዘው ቢመጡ፣ እኛ ዘንድም የሚጠብቅዎት መነሻ ያው ሠላሳ ደቂቃ ነው፤ አዲሱ ቡድንም «የቀድሞ ትምህርት ቤቱ ይህ ይበቃዋል ብሎ ነበር» ብሎ ቢጀምር አይፈረድበትም።

ስለዚህ ዕቃ ከመጫንዎ በፊት እዚያው ቴክሳስ ውስጥ የሚጨርሱት ሥራ አለ። ዲስትሪክት የወላጅን ጥያቄ ሲከለክል ለምን እንደከለከለ፣ በየትኛው ግምገማ ላይ እንደተመሠረተና የትኞቹን ሌሎች አማራጮች አይቶ እንደተዋቸው በጽሑፍ የማስታወቅ ግዴታ አለበት፤ ይህን በኢሜይል ይጠይቁ። የንግግር ግምገማው ልጁን አይገልጸውም ብለው ካመኑ ደግሞ በዲስትሪክቱ ወጪ ከውጭ ባለ ባለሙያ ሌላ ግምገማ እንዲደረግለት መጠየቅ ይችላሉ፤ ዲስትሪክቱ ወይ ይከፍላል፣ ወይም የራሱ ግምገማ በቂ መሆኑን በችሎት ያስረዳል፤ ሦስተኛ መንገድ የለውም። ይህን ጥያቄ ማቅረብ የሚጠቅምዎት የዚያ ዲስትሪክት ነዋሪ ሳሉ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2017 ከኮሎራዶ በመጣው የኤንድሩ ጉዳይ ላይ፣ ዕቅዱ ከልጁ ሁኔታ አንጻር ተገቢ የሆነ ለውጥ እንዲያመጣ ተደርጎ መዘጋጀት እንዳለበትና እዚህ ግባ የማይባል መሻሻል እንደማይበቃ ወስኗል፤ በስብሰባ ላይ ይህን ማንሳት አይፍሩ።

ድንበሩ ላይ የሚቀረው ዌይቨሩ ነው። ዌይቨሩ የሚሰጥበትን ሜዲኬይድን (የመንግሥቱን የሕክምና መድን) እያንዳንዱ ስቴት በራሱ ደንብ ስለሚያስተዳድረው፣ በቴክሳስ ዝርዝር ላይ የጠበቃችሁት ዘመን ሜሪላንድም ሆነ ቨርጂኒያ አይቆጠርላችሁም፤ በአዲሱ ስቴት እንደ አዲስ ትመዘገባላችሁ። መደበኛው ሜዲኬይድ ግን ነዋሪ ከሆናችሁበት ቀን ጀምሮ ሊጠየቅ ይችላል፤ ይህን ያህል ወር ካልኖራችሁ የሚል ቅድመ ሁኔታ ማስቀመጥ ለስቴቶች አልተፈቀደም። ኤስኤስአይ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አካል ጉዳተኞችና አረጋውያን የሚሰጠውን የገንዘብ ድጎማ) የምታገኙ ከሆነ የፌዴራል ገንዘብ ስለሆነ ይከተላችኋል፤ የአድራሻ ለውጡን ማስታወቅ ብቻ ነው።

የሁለት ልጆች እናት (ሞንትጎመሪ ካውንቲ)

የመምህሩን መልስ እደግፋለሁ፤ ስለ ሜሪላንድ የማውቀውን ልጨምርበት።

የባለቤትዎ እኅት ግፊት ባዶ አይደለም። ሜሪላንድ ውስጥ የትምህርት ዲስትሪክቱ ካውንቲው ራሱ ነው፤ በመላ ስቴቱ ያሉት 24 ብቻ ናቸው። ቴክሳስ ግን ከአንድ ሺህ በላይ ስላሏት እዚያ መንገድ ማቋረጥ ብቻ ዲስትሪክት ያስለውጣል። ካውንቲው ትልቅ ሲሆን ለኦቲዝም የተለዩ ክፍሎችን በተለያየ ደረጃ የማደራጀት አቅም ይኖረዋል። ነገር ግን ክፍሎቹ በየትምህርት ቤቱ አይገኙም፤ ልጅዎ በቅርብ ካለው ትምህርት ቤት አልፎ በአውቶቡስ ራቅ ወዳለ ሰፈር ሊመደብ ይችላል። ስለዚህ «ጥሩ ትምህርት ቤት ያለበት ሰፈር» ተብሎ ውድ ኪራይ መክፈል ለእንደኛ ዓይነቱ ቤተሰብ ብዙም ትርጉም የለውም፤ ልጁ እዚያ ትምህርት ቤት ላይማር ይችላልና።

አማርኛ ተናጋሪ ወላጅ እዚህ የሚያገኘው አንድ ጥቅም ሳይነገር እንዳይታለፍ። በስብሰባ ላይ አስተርጓሚ ማግኘት በፌዴራል ሕግ የትም ቦታ መብት ነው። የሜሪላንድ ሕግ ከዚህ ይሻገርና፣ የወላጁ ቋንቋ ከካውንቲው ተማሪዎች ከአንድ በመቶ በላይ የሚናገሩት ከሆነ የተጠናቀቀው አይኢፒ ራሱ ተተርጉሞ በሠላሳ ቀናት ውስጥ እንዲሰጠው ወላጁ መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። በካውንቲያችን አማርኛ የትምህርት ቤቶቹ ማስታወቂያዎች ዘወትር ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። በተጨማሪም በስብሰባው ላይ የሚታዩት ሰነዶች ቢያንስ ከአምስት የሥራ ቀናት በፊት ለወላጅ መድረስ አለባቸው። ባለቤቴ እንግሊዝኛ እምብዛም ስለማያነብ፣ በእጁ የገባውን ወረቀት አስቀድሞ አስተርጉሞ ማየቱ በቤታችን ውስጥ ብዙ ነገር ለውጧል፤ ቀድሞ ዝም ብሎ ይፈርም የነበረ ሰው ዛሬ ጥያቄ ይዞ ይገባል።

ስለ ኦቲዝም ዌይቨሩ ግን እውነቱን መናገር ይሻላል። ከአንድ ዓመት እስከ ሃያ አንድ ዓመት ላሉ ልጆች የሚሆን ሲሆን፣ ገቢው ሲታይ የወላጅ ሳይሆን የልጁ ብቻ ስለሚቆጠር ደመወዝ ያላቸው ቤተሰቦችም ይገቡበታል፤ የቤት ውስጥ ድጋፍና ለወላጅ የዕረፍት ሰዓት የሚሆን እገዛ ይሰጣል። መዝገቡ ግን ረጅም ነው፤ ጥበቃውም የሚቆጠረው በዓመታት ነው። የስቴቱ ምክር ቤት በ2022 የተጠባባቂዎችን ቁጥር በግማሽ የሚቀንስ ዕቅድ እንዲወጣ የሚያዝ ሕግ አጽድቋል፤ ይህ ማለት ግን ሰልፉ ጠፍቷል ማለት አይደለም። የሜሪላንድ ነዋሪ በሆናችሁበት ሳምንት ስልክ ደውላችሁ አስመዝግቡት፤ ሌላው ጉዳይ ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ሂውስተናዊው

ሁሉም «ቴክሳስን ልቀቁ» ሲል ዝም ማለት ስላልቻልኩ ነው የምጽፈው። ቴክሳስ ያለባትን ጥፋት አልክድም። ስቴቱ ከ2004 ጀምሮ ለአሥር ዓመታት ያህል የልዩ ትምህርት ተማሪዎች ከጠቅላላው 8.5 በመቶ እንዳይበልጡ ዲስትሪክቶችን ሲገፋ ኖሯል፤ ነገሩ በ2016 በጋዜጣ ምርመራ ተጋለጠ፣ የፌዴራሉ የትምህርት መሥሪያ ቤትም በ2018 መጀመሪያ ላይ ሕግ መጣሱን አረጋገጠ። ሆኖም ያ ገደብ በ2017 በሕግ ተነሥቷል። የቴክሳስ ሜዲኬይድም ከየካቲት 2022 ጀምሮ ለኦቲዝም ኤቢኤ ለሚባለው የባሕርይ ቴራፒ ይከፍላል፤ ገቢያቸው ለመደበኛው ሜዲኬይድ ከፍ ላለባቸው ወላጆችም እስከ ድህነት ወለሉ 300 በመቶ ድረስ ጥቂት እየከፈሉ ልጃቸውን የሚያስገቡበት መንገድ አለ። እኅታችን ይህን ሞክራለች ወይ? ጽሑፏ ላይ አላየሁትም።

ሜሪላንድም ገነት አይደለችም። በ2005 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ በአይኢፒ ክርክር ላይ የማስረዳት ሸክሙ ከሳሹ ላይ ነው ብሎ የወሰነው ከዚያው ከሞንትጎመሪ ካውንቲ በመጣ ጉዳይ ነው፤ ከሳሹ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ወላጅ ነው። ሸክሙን በሕግ መልሰው ዲስትሪክቱ ላይ ከጫኑት ጥቂት ስቴቶች መካከል ኒውጀርሲና ኒውዮርክ ይገኛሉ፤ ሰዉ ስማቸውን እንኳ አያነሣም፤ ዘመድ የሚገኝበት ቦታ ብቻ ነው የሚወራው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በ2025 የጸደቀው የቴክሳስ የትምህርት ገንዘብ ፕሮግራም ለአካል ጉዳተኛ ልጆች በዓመት እስከ 30,000 ዶላር ድረስ ለግል ትምህርት ቤት ይሰጣል ተብሎ ብዙ ወገኖቻችን ተደስተዋል። ገንዘቡ ብዙ ነው፤ ነገር ግን የግል ትምህርት ቤት በአይዲኢኤ መሠረት ለልጁ የተሟላ አገልግሎት የመስጠት ግዴታ የለበትም፤ የማይመቸውን ልጅ አልቀበልም ማለትም ይችላል። እኔ የልጄን መብት በገንዘብ አልለውጥም ብዬ በመንግሥት ትምህርት ቤቱ ቆይቻለሁ፤ ሌላው እንደየሁኔታው ይወስን።

የበኩሬ እናት (ዳላስ አካባቢ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወንድማችን ከሂውስተን እንደጠየቁት፣ የሜዲኬይዱን መንገድ ጠይቀን ገቢያችን ከመስመሩ በጥቂቱ አልፎ ተገኘ፤ ባለቤቴ ብዙ ማይል በነዳ ቁጥር ደመወዙ ከፍ ይላል፤ የሚያስቀጣን ሥራችን ሆነ። አሁን ያለን ኢንሹራንስ ከባለቤቴ ድርጅት ነው፤ ኤቢኤ ይሸፍናል ተብለን ማዕከል ካገኘን በኋላ «የእናንተ ፕላን አይጨምርም» ተብለን ተመልሰናል። ሁሉም ስቴቶች ኢንሹራንስ ኦቲዝምን እንዲሸፍን የሚያስገድድ ሕግ አላቸው እየተባለ ይህ እንዴት ይሆናል? ሌላው ጥያቄዬ፣ ሥራና ቤት እስክናገኝ የባለቤቴ እኅት ዘንድ ብናርፍ ልጁ ያለ ኪራይ ውል መመዝገብ ይችላል ወይ የሚል ነው።

መምህሩ (ሰሜን ቨርጂኒያ)

ሕጉ በሁሉም ስቴቶች መኖሩ እውነት ነው፤ የመጨረሻዋ ቴነሲ በ2019 ተቀላቅላለች። ነገር ግን ትልልቅ ድርጅቶች ብዙውን ጊዜ የሠራተኛውን ሕክምና ከራሳቸው ካዝና ይከፍላሉ፤ በካርዱ ላይ ስሙ የሚታየው የኢንሹራንስ ኩባንያ ወረቀቱን ብቻ ነው የሚያስተናግደው። እንዲህ ያለው ፕላን የሚገዛው በፌዴራል ሕግ ስለሆነ የስቴቱ ግዴታ አይነካውም። ስለዚህ ስቴት ብትቀይሩም ባለቤትዎ በዚያው ድርጅት ከቀጠሉ ሽፋኑ ያው ነው። አዲስ ሥራ ሲያፈላልጉ፣ ፕላኑ በድርጅቱ ገንዘብ የሚሠራ መሆኑንና ኤቢኤን መጨመር አለመጨመሩን የሰው ኃይል ክፍሉን አስቀድመው ይጠይቁ፤ የሰዓት ክፍያው ልዩነት ከዚህ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው።

ዘመድ ቤት ለሚያርፉ ቤተሰቦች ካውንቲዎቹ የጋራ መኖሪያ ማረጋገጫ አላቸው፤ የቤቱ ባለቤት የሆነችው ዘመድ ፈርማ የቤቱን ማስረጃ ታያይዛለች። ቤት በማጣት ወይም በገንዘብ ችግር ምክንያት ተጠግተው ለሚኖሩ ደግሞ ማኪኒ ቬንቶ የሚባለው የ1987 የፌዴራል ሕግ ወረቀት ባይሟላም ልጁ ወዲያውኑ እንዲገባ ያዛል። የቤተሰቡ የመኖሪያ ፈቃድ ዓይነትም ለትምህርት ምዝገባ አይጠየቅም። ለሜዲኬይድ ግን ይጠየቃል፤ በዲቪ መጥተው ግሪን ካርድ ከያዙ አምስት ዓመት ያልሞላቸው አንባቢዎች፣ ያሉበት ስቴት ለልጆች ይህን ጥበቃ ያነሣ መሆን አለመሆኑን አስቀድመው ያጣሩ፤ ከ2009 ጀምሮ ለስቴቶች የተተወ ምርጫ ስለሆነ ከቦታ ቦታ ይለያያል።

ከሚኒያፖሊስ

ሚኒሶታ ስለተነሣች ጥቂት ልበል። እዚህ ተፍራ በሚባለው መንገድ ከባድ የአካል ጉዳት ወይም የዕድገት እክል ያለበት ልጅ የወላጁ ገቢ ሳይታይ ሜዲኬይድ ያገኛል፤ ወላጆች ይከፍሉት የነበረው መዋጮም በ2023 ቀርቷል። ለኦቲዝም ተብሎ የተዘጋጀው የስቴቱ የቴራፒ ጥቅም እስከ ሃያ አንድ ዓመት ድረስ ይሠራል። እንደ እኅታችን ላለ፣ ከመስመር በጥቂቱ በማለፉ ለተከለከለ ቤተሰብ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ነገር ግን ማዕከል ሲመርጡ ይጠንቀቁ። የማዕከላቱ ቁጥር በጥቂት ዓመታት ውስጥ እጅግ በዝቶ፣ ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ አንዳንዶቹ በሜዲኬይድ ማጭበርበር ተጠርጥረው በፌዴራል መርማሪዎች ተፈትሸዋል፤ ስቴቱም ቁጥጥሩን አጥብቋል። ልጄን ከማስገባቴ በፊት የምጠይቀው፣ ዕቅዱን የሚያወጣው ባለሙያ ማን እንደሆነና በሳምንት ስንት ሰዓት ከልጁ ጋር በአካል እንደሚገኝ ነው፤ መልሱ የተድበሰበሰ ከሆነ እተዋለሁ። ክረምቱን በተመለከተ ከዳላስ የሚመጣ ሰው ራሱ ይፍረድ።

የአሌክሳንድሪያ አባት

የእኔ ልጅ ሃያ ሦስት ዓመት ሆኗታል። ሁላችሁም የምትነጋገሩት ስለ ስድስት ዓመት ልጅ ነው፤ ተገቢም ነው። እኔ ግን ስቴት ስትመርጡ ልጁ ትምህርት ቤቱን በሚሰናበትበት ቀን የት እንደምትኖሩ አስቡ እላለሁ። በአይዲኢኤ መሠረት የሚገኘው መብት ከሃያ አንድ ወይም ከሃያ ሁለት ዓመት ዕድሜ አያልፍም፤ ሚሺጋን ብቻ እስከ ሃያ ስድስት ታስተምራለች። ከዚያ በኋላ ያለው አብዛኛው አገልግሎት የሚገኘው በዌይቨር ነው፤ ዌይቨር ደግሞ ገንዘቡ ሲኖር የሚሰጥ እንጂ እንደ ትምህርቱ የግድ የሚሰጥ አይደለም። ከዚህ የምትለየው ካሊፎርኒያ ናት፤ ከ1969 ጀምሮ ባላት ሕግ መሠረት 21 የአካባቢ ማዕከላት ብቁ ለሆነ ሰው ዕድሜውን ሙሉ አገልግሎት ያመቻቻሉ። የቤቱን ኪራይ ለሚችለው ሰው ማለቴ ነው።

ቨርጂኒያ ሁለት ነገር አላት። የዕድገት እክል ላለባቸው የተዘጋጁት ዌይቨሮች ዝርዝር በተመዘገቡበት ቀን ቅደም ተከተል ሳይሆን በአጣዳፊነት በሦስት ደረጃ የተከፈለ ነው፤ የቤተሰቡ ሁኔታ ሲለወጥ፣ ለምሳሌ ተንከባካቢው ወላጅ ሲታመም፣ ደረጃው እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል። ይህም ማለት ዘግይቶ የመጣ ቤተሰብ በር አይዘጋበትም፤ በአንጻሩ ደግሞ ቀድሞ መመዝገብ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ሁለተኛው ሲሲሲ ፕላስ የሚባለው ዌይቨር ነው፤ ይህ ተጠባባቂ ዝርዝር የለውም። የልጁን የዕለት ተዕለት እንክብካቤ ፍላጎት የሚመረምር ቡድን መጥቶ ያያል፤ ለመንከባከቢያ ተቋም የሚያበቃ ያህል እገዛ የሚያስፈልገው መሆኑ ከተረጋገጠ፣ የወላጅ ገቢ ሳይቆጠር ሜዲኬይዱም አብሮ ይሰጣል። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ሁሉ ያልፋል ማለት አይደለም፤ ልብስ ለመልበስ፣ ለመታጠብ፣ ለመጸዳዳት በየዕለቱ የሰው እጅ የሚያስፈልገው ልጅ ግን መጠየቅ አለበት።

እኛን የጠቀመን፣ በዚህ ዌይቨር ተንከባካቢውን ቤተሰቡ ራሱ መርጦ መቅጠር የሚችልበት አሠራር መኖሩ ነው። ልጄን የምትጠብቃት አማርኛ የምትናገር የሰፈራችን ሴት ናት፤ ልጄ «ውኃ» ስትል ገብቷት ትሰጣታለች። በዋሽንግተን አካባቢ ይህን ያህል አበሻ መኖሩ የሚጠቅመው ለሠርግና ለተዝካር ብቻ አይደለም።

የበኩሬ እናት (ዳላስ አካባቢ)

ስለ አማርኛ ስላነሡልኝ ደስ አለኝ። አንድ ቴራፒስት «ሁለት ቋንቋ ያምታታዋል፤ በቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ ተናገሩት» ብላን ነበር፤ እናቴ ከአዲስ አበባ ስትደውል የምትለውን እንዳይሰማ ስልኩን ይዤ ወደ ሌላ ክፍል የምሄድበት ጊዜ አለ።

እማማ ዘሲልቨር ስፕሪንግ

ልጄ፣ ስልኩን ይዘሽ አትሽሺ። እኔ የልጅ ልጄን ያሳደግሁት በአማርኛ ነው፤ የምታየው የንግግር ባለሙያም ሁለት ቋንቋ መስማት ኦቲዝም ያለበትን ልጅ እንደማይጎዳው በጥናት መታየቱን ነግራን፣ እኔም በነጻነት እንዳወራው ፈቅዳልኛለች። በማትችሉት እንግሊዝኛ ከምታንሾካሹኩለት በምትችሉት አማርኛ በሙሉ ልባችሁ ብታዋሩት ይሻለዋል።

ሌላም ልበልሽ። ዘመድ ባለበት መኖር ጥሩ ነው፤ ዘመዱ ልጁን የሚቀበል ከሆነ ነው ግን። አንዳንዱ «ጠበል ውሰዱት፣ ይለቀዋል» እያለ ቴራፒውን ያስተጓጉላል፤ ጠበሉን እኔም እወስደዋለሁ፣ በቴራፒው ቀን ግን አይደለም። የባለቤትሽ እኅት ቤት ከመግባታችሁ በፊት ልጁን ይዛችሁ ጥቂት ቀን ሰንብቱባት፤ ሲጮኽ፣ ምግብ ሲደፋ፣ ሌሊት ሲነሣ ምን እንደምትል እዪ። እናትሽም ብትሆን «ወደ አገር ቤት ላኩልኝ» ማለቷ አይቀርም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ስትከፍት፣ እንዲህ ያሉ ልጆች ብዙዎቹ በየቤቱ ተደብቀው የሚኖሩበት ጊዜ ነበር፤ ነፍሷን ይማረውና ብዙ ዓይን ገልጣለች። ነገር ግን በዚያ ያሉት ጥቂት ማዕከላት የአገሩን ልጆች እንኳ ማዳረስ አልቻሉም፤ እዚህ በሕግ የተሰጠውን ትተሽ የእነርሱን ቦታ አትሻሚ።

የሁለት ልጆች እናት (ሞንትጎመሪ ካውንቲ)

እማማ ያሉት ትክክል ነው። በአሌክሳንድሪያው ወንድማችን መልስ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ሜሪላንድን እወዳለሁ፣ ሆኖም በዚህ ነጥብ ቨርጂኒያ ትበልጠናለች። በቨርጂኒያ ደንብ፣ ትምህርት ቤቱ አይኢፒውን ለመለወጥም ሆነ አገልግሎት ለመቀነስ የወላጁ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ሜሪላንድ ውስጥ በጽሑፍ የወላጅ ፈቃድ የሚጠየቀው ለተወሰኑ ጉዳዮች ብቻ ነው፤ ለምሳሌ ልጁ ከመደበኛው ፈተና ወጥቶ በአማራጭ ምዘና እንዲታይ ሲታሰብ። ሌላውን ቡድኑ ከወሰነው ካልተስማሙ መከራከር ነው የሚቀርዎት። አገልግሎቱ እንዳይቀነስበት ለሚሰጋ ወላጅ ይህ ልዩነት በየስብሰባው ይሰማዋል።

የበኩሬ እናት (ዳላስ አካባቢ)

ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረን የደረስንበትን ላሳውቃችሁ። ቤቱን አንሸጠውም፤ እናከራየዋለን። ዛሬ ጠዋት የጽሑፍ ማስታወቂያውንና የውጭ ግምገማውን የሚጠይቅ ኢሜይል ልኬያለሁ፤ ግምገማው ተጠናቅቆ አዲስ የአርድ ስብሰባ ሳይደረግ ከዚህ አንንቀሳቀስም። ባለቤቴ በሰሜን ቨርጂኒያ ማታ ማታ ቤቱ የሚገባበት ሥራ እየፈለገ ነው፤ የሚጠይቃቸውን ድርጅቶች ሁሉ ስለ ኢንሹራንሱ እንዲያናግር ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጥቼዋለሁ። ልጃችን ለመታጠብም ለመልበስም እገዛችን ስለሚያስፈልገው፣ ሲሲሲ ፕላስ የተባለውን ለመሞከር ስንል ፌርፋክስን ወይም አሌክሳንድሪያን መርጠናል። የባለቤቴ እኅት ወንዙን ማዶ ስለቀረንባት ተቀይማለች፤ በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል ነው ብንላትም አልሰማችንም። የቀረኝ ጥያቄ ጊዜው ነው። ትምህርት በግንቦት መጨረሻ ከተዘጋ በኋላ ብንሄድ የቴክሳሱ ወረቀት ዋጋ ያጣል ወይ?

መምህሩ (ሰሜን ቨርጂኒያ)

ዋጋ አያጣም፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። ቀደም ብዬ የገለጽኩት የተመጣጣኝ አገልግሎት ደንብ የተጻፈው በትምህርት ዘመን መካከል ለሚዛወር ልጅ ነው። በበጋ ለሚመጣ ልጅ ደግሞ ሌላ ደንብ አለ፤ ማንኛውም ዲስትሪክት ትምህርት በሚከፈትበት ቀን ለልጁ የጸና አይኢፒ ሊኖረው ይገባል፤ የቴክሳሱን ተቀብሎ ይጠቀምበታል፣ ወይም እስከዚያ ድረስ የራሱን ያወጣል። የእኛ ትምህርት የሚከፈተው በነሐሴ ስለሆነ፣ በሰኔ ወይም በሐምሌ መጀመሪያ ከተመዘገባችሁ ቡድኑ ለመሰብሰብ ጊዜ ያገኛል፤ በመክፈቻው ሳምንት የመጣ ልጅ ግን መምህሩም የአውቶቡስ መስመሩም ከተደለደለ በኋላ ስለሚደርስ፣ መብቱ ሳይጓደል አፈጻጸሙ ይጓተታል። በቴክሳሱ ዕቅድ ላይ የበጋ አገልግሎት የተፈቀደለት ከሆነ እርሱን ጨርሶ ይምጣ ወይስ እዚህ ይጀምር የሚለውን አስቀድማችሁ ወስኑ።

ሰነዶቹን ትምህርት ቤቶቹ ይላላካሉ ብላችሁ አትተዉት። አይኢፒውን፣ ግምገማዎቹን ሁሉ፣ የመሻሻል ሪፖርቶቹንና የሐኪሙን የምርመራ ወረቀት ቅጂ ከመልቀቃችሁ በፊት ጠይቃችሁ በእጃችሁ ይዛችሁ ኑ። ልጁን ከድሮው ትምህርት ቤት የማስወጣቱን ቅጽ የምትፈርሙት የውጭ ግምገማው ሪፖርት እጃችሁ ከገባ በኋላ ይሁን።

የመጨረሻው ስለ ታብሌቱ ነው። በመጀመሪያው ጽሑፍዎ ትምህርት ቤቱ የሰጠው ነው ብለዋል፤ እንግዲያውስ የዲስትሪክቱ ንብረት ስለሆነ ስትለቁ ይመልሱታል። ልጁ የሚናገርበት መሣሪያ በመካከል እንዳይቋረጥበት፣ የንግግር ባለሙያዋ የልጁን የቃላት ገጽ በፋይል አውጥታ እንድትልክላችሁ ጠይቋት፤ አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ይህን ይፈቅዳሉ። የመሣሪያው ዓይነትና በቤትም በትምህርት ቤትም የሚጠቀምበት መሆኑ በአዲሱ የአርድ ስብሰባ አይኢፒው ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ እዚህ ስትደርሱ ሌላ መሣሪያ የሚያስገኝላችሁ ያ መስመር ነው።